ከሹሩባው ሥር

ሸሪፋ ከአረፋ በዓል ተመልሳ ፒያሳ ያለውን የጨርቅ ሱቋን በከፈተች ሰሞን፣ ትንሿ ልጇ ዘምዘም ባንኮኒው ሥር ወደቀች። እግሮቿ አልታዘዝ አሏት። ሰፈርተኛው ልምሻ ነው ብሎ ፈረደ። ሸሪፋ ግን ብርድ መትቷት ነው ብላ፣ ጧት ማታ የልጅቷን አናት በለጋ ቅቤ እያሸች በሻሽ ጠቀለለችው። በሦስተኛው ቀን እጆቿም ዛሉ፤ ድምጿም ሰለለ። ያን ጊዜ ሸሪፋ ልጇን አቅፋ፣ ጎረቤቷን ተናኘወርቅን አስከትላ፣ በሰይቸንቶ ታክሲ ቁልቁል ወደ ክሊኒክ በረረች።

ሐኪሙ ካሣሁን መረመራት። ትኩሳት የላትም። ጉልበቷን በትንሽ የጎማ መዶሻ መታ ቢያደርገው እግሯ ንቅንቅ አላለም። ድካሙ ሽቅብ እየወጣ ነው፤ ደረቷ ከደረሰ ትንፋሿን ያቆመዋል ብሎ ለሸሪፋ ሳይሸሽግ ነገራት። ከዚያም ልጅቷ ሰሞኑን ገጠር ሄዳ እንደሆነ፣ ከከብት ጋር ተኝታ እንደሆነ ጠየቃት።

ሸሪፋ ጎረቤቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ለፒያሳ ሴቶች የእናቷ ቤት ባለቆርቆሮ ነው፣ ከብት ደጃፉን አይረግጥም ስትል የኖረች ናት። ተናኘወርቅ ደግሞ አጠገቧ ቆማለች።

«አልሄደችም» አለች። እንዲህ ያለውን ኩራት እሳት ይብላው!

ሐኪሙ እንግዲያው ልምሻ ሳይሆን አይቀርም ብሎ እጁን ሊታጠብ ዞረ። ዘምዘም ምራቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አቃታትና በጉንጯ ፈሰሰ። ሸሪፋ ያን ስታይ የሐኪሙን ጋውን ጎተተች።

«ዋሽቼዎታለሁ፣ ዶክተር። ለአረፋ አገር ቤት ወስጃት ነበር። የተኛችው ከጥጆቹ ጋር ነው።»

ሐኪሙ ሻሹን ገፈፈ። አያቷ ለበዓሉ የሠራችላትን ሹሩባ አንድ በአንድ ፈታው። ከጆሮዋ ኋላ፣ ቅቤ በጠጣው ጠጉር መሀል፣ ደም ጠግቦ ሽምብራ ያከለ መዥገር ተጣብቋል። ተናኘወርቅ ላምባ ይፍሰስበት ስትል ሐኪሙ ከለከላት፤ መዥገሩ ሲጨነቅ መርዙን ይጨምርባታል አለ። ወረንጦውን ከቆዳዋ አስጠግቶ፣ ሳይጠመዝዝ፣ በቀስታ ሳበው። ሕመሙ ከመዥገሩ ምራቅ ነው፣ እሱ ሲነሳ ይለቃታል፤ ከከብት ጋር ያደረ ሰው ግን ራስ ጠጉሩ ሳይቀር መፈተሽ አለበት አላቸው።

ሌሊቱን እናትየው የልጇን ትንፋሽ ስታዳምጥ አነጋች። ጧት ዘምዘም ብርድ ልብሱን በእግሯ ረግጣ ጣለችው።

ተናኘወርቅ በደስታ አለቀሰች። ሸሪፋ ግን ገና ቅቤ ቅቤ የሚሸቱ ጣቶቿን ታይ ነበር።

«ነክቼው ነበር» አለች። «እከክ መስሎኝ በየቀኑ በላዩ ላይ ቅቤ ቀባሁበት።»