አንድ ቁራጭ ሳንባ

ቦቢ እትዬ ኩልሱምን ባታቸው ላይ የነከሳቸው በሁዳዴ መግቢያ ላይ ነበር። ስድስት አባወራ በሚጋራት በዚያች የካዛንቺስ ግቢ ውሻው ከዚያ በፊትም ሁለት ሰው ነክሷል፤ እትዬ ኩልሱም ግን ሁሉም እንደ እናቱ የሚያያቸው ሴት ስለነበሩ ነገሩ ከረረ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ «ጋሽ ገብረክርስቶስ፣ ወይ መላ ይፈልጉለት ወይ ያስወግዱት» አላቸው።

ጋሽ ገብረክርስቶስ ቂርቆስ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ልጃቸው ደጉ አይሱዙ ይነዳል፤ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ብቅ ይልና ወንበሩ ሳይሞቅ ይነሳል። ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ ከእሳቸው ሌላ የሚተነፍስ ፍጥረት ቢኖር ቦቢ ነበር። እሱንም የያዙት ተማሪዎቻቸውን በያዙበት መንገድ ነው፤ በውሃ ጎማ ቁራጭ። ሲጮህ በጎማ፣ ሲያጠፋ በጎማ። ሌላ መንገድ ይኖር ይሆን ብለው አስበውም አያውቁም።

ክትባት ሊያስወጉት ሲወስዱት፣ ኢፍቱ የምትባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም መርፌውን ልታነሳ እጇን ከፍ አደረገች። ቦቢ መሬት ላይ ተለጠፈ።

«ይመቱታል አይደል አባባ?» አለቻቸው።

«ታዲያ በምን ይቀጣል?»

«ይሄ ውሻ ክፉ ሆኖ አይደለም የሚናከሰው፣ ስለፈራ ነው። ጎማውን ይጣሉት። የሚፈልጉትን ነገር ሲያደርግልዎት ወዲያው 'ጎበዝ' ይበሉትና የሚወደውን ያጉርሱት። ትንሽ፣ የጣት ጫፍ የምታክል ብትሆን ይበቃል።»

«ጉቦ ነዋ!»

ኢፍቱ ሳቀች። «ጉቦ የሚሰጠው ከሥራው በፊት ነው። ይሄ ከሥራው በኋላ ነው።»

ጋሽ ገብረክርስቶስ አላመኗትም። ግን ውሻውን ማስገደል አልሆነላቸውም፤ እሱ ከሄደ ቤቱ ባዶ መሆኑ ነው። በዳቦ ሞከሩት፤ ቦቢ አሽትቶ ተወው። ጾም በመሆኑ የሚያውቁት ሉካንዳ ቤት ተዘግቷል። ይህን የሰሙት እትዬ ኩልሱም እግራቸው እንደታሰረ እያነከሱ ሄደው፣ ከሙስሊም ሉካንዳ ግማሽ ኪሎ ሳንባ ይዘው መጡ።

«እኔ እንኳ ውሻ አልነካም፣ ለሶላቴ አይሆነኝም» አሉ ፌስታሉን ደፍ ላይ አስቀምጠው። «ግን ሲገደል ከማይ ይብላና ሰው ይሁን።»

ሳንባውን ቀቅለው፣ ደቃቅ አድርገው ከትፈው፣ በሻይ ቅጠል ጣሳ ያዙት። አንዷን ቁራጭ አንስተው «ቁጭ!» ሲሉት ቦቢ የተነሳውን እጅ ብቻ አይቶ አልጋ ሥር ገባ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን የሚታመም ጉልበታቸውን እንደምንም አጥፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ከደረታቸው በታች ዘረጉ። ብዙ ቆዩ። ውሻው በሆዱ እየተሳበ ወጣ፤ አሸተተ፤ የኋላ እግሮቹን አጥፎ ቁጭ አለ።

«ጎበዝ» አሉት። ቃሉ ከራሳቸው አፍ መውጣቱን ተጠራጥረው ደገሙት። «ጎበዝ።»

ፋሲካ ሲደርስ ቦቢ ሲጠሩት ይመጣ፣ ቁጭ ሲሉት ይቀመጥ፣ በሩ ሲከፈት «ቆይ» ሲባል ይቆይ ነበር። እትዬ ኩልሱም ያለ ዱላ በአጠገቡ ማለፍ ጀመሩ። ጋሽ ገብረክርስቶስ ግን ከደስታው ጋር አንድ ነገር ይከነክናቸው ጀመር። «ጎበዝ» የሚለውን ቃል ለደጉ መቼ እንዳሉት ለማስታወስ ሞከሩ። ሕፃን ሳለ፣ ተማሪ ሳለ፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ዕለት፣ እያሉ ዓመቱን ሁሉ አገላበጡት። አላገኙትም።

ከመስቀል በኋላ ሰፈሩ እንደሚነሳ ተነገረ። ለጋሽ ገብረክርስቶስ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አራተኛ ፎቅ። ደጉ የሚኖረው ሰፊ ግቢ ውስጥ ነውና፣ ዕቃ ሊጭን ሲመጣ ውሻውን እንዲወስድላቸው ሊለምኑት ወስነው ጠበቁት።

ደጉ አይሱዙውን ይዞ በጠዋት መጣ። ተሸካሚዎቹ ቁምሳጥኑን ሲያነሱ ቦቢ እየጮኸ ተነሳባቸው።

«ቦቢ፣ ና! ቁጭ!» አሉ ጋሽ ገብረክርስቶስ። መጥቶ ተቀመጠ። ሳንባዋን አጎረሱት፤ አንገቱን አሹት። «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ!»

ደጉ ፍራሽ ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፍራሹን ቀስ ብሎ አወረደው።

«ምን አሉት ጋሼ?»

«ማንን?»

«ውሻውን። የኔ ልጅ አሉት እኮ።»

ጋሽ ገብረክርስቶስ ጣሳውን ከደኑ።

«ስድስተኛ ክፍል ስልሳ ሁለት ተማሪ ነበርን» አለ ደጉ። የተቆጣ አይመስልም፤ የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። «ሁለተኛ ወጣሁ። ካርዴን ይዤ ከቂርቆስ እስከዚህ በሩጫ መጣሁ፣ ማለቴ፣ ቶሎ እንዲያዩልኝ ብዬ። 'አንደኛ ማን ወጣ?' አሉኝ። ስነግርዎት ቀበቶዎን ፈቱ። በቃ፣ እንደዚህ ማለት የማይችሉበት ነበር የሚመስለኝ። ይችሉበታል ለካ።»

አባትየው ብዙ ሊሉ ፈለጉ። አላውቅም ነበር ሊሉ ፈለጉ። ከአፋቸው የወጣው ግን፣ «ገመዱን አጥብቀህ እሰረው፣ ቁምሳጥኑ እንዳይወድቅ» የሚል ነበር። ደጉ ትንሽ አያቸውና ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ውሻው ማንሳት አልቻሉም።

ቦቢ ወሎ ሰፈር ለአንድ ጅምር ሕንፃ ዘበኛ ተሰጠ። ዘበኛው ዲሪባ ይባላል። ጋሽ ገብረክርስቶስ በደብተር ወረቀት ላይ በጥንቃቄ ጽፈው ሰጡት፦ አይመታም፤ ሲታዘዝ ወዲያው ይሸለማል። ዲሪባ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «እሺ አባባ፣ አይዞዎት» አላቸው።

ሦስት ሳምንት ቆይተው ሊጠይቁት ሲሄዱ ቦቢን ከአሸዋ ክምር ጀርባ አገኙት፤ ሰንሰለቱ ክንድ አይሞላም። ጎኑ ላይ ፀጉሩ ተገሽልጦ ቁስል ይታያል።

«ምን ሆነ?»

ዲሪባ አንገቱን አቀረቀረ። «አባባ፣ እኔ ደህና ይዤው ነበር። ሰው ሲመጣ ሁሉ ቁጭ እያለ እጅ እጁን ያያል። አለቃዬ አየና፣ 'ለማዳ ውሻ ምን ያደርግልኛል፣ እንዲከፋ አድርገው' አለኝ። እኔም እንጀራዬ ነው።»

ጋሽ ገብረክርስቶስ ከጣሳው አንድ ቁራጭ አውጥተው ዘረጉለት። ቦቢ እጃቸውን ሲያይ ተለጠፈ፤ ጥርሱን ገልጦ አጉረመረመ። ሳንባዋን መሬት ላይ አስቀምጠው ወደ ኋላ ሸሹ። አልነካትም። በየቅዳሜው እየተመላለሱ ሞከሩ፤ ሁለቴ ሳንባዋን እሳቸው ዞር ካሉ በኋላ በላት። በአምስተኛው ቅዳሜ ሲሄዱ ሰንሰለቱ ባዶውን ተጥሏል። ቦቢ ሲሚንቶ የሚያወርድ ሠራተኛ ነክሶ፣ በዚያው ዕለት አስገድለውት ነበር።

ወደ አስፋልቱ ወጥተው የአንድ ካፌ አጥር ተደገፉ። ለልጃቸው ደወሉ።

«ደጉ፣ ውሻው ሞተ።»

«ሞተ? አዝናለሁ ጋሼ።»

«ስለ እሱ ብዬ አይደለም የደወልኩት። በድዬሃለሁ። ልጅ ሆነህ በድዬሃለሁ። ይኸው፣ አልኩህ።»

በስልኩ የአይሱዙው ሞተር ድምፅ ይሰማል።

«አሁን የአዳማ መንገድ ላይ ነኝ» አለ ደጉ። «ሌላ ጊዜ እናወራለን።»

«መቼ?»

«እንጃ ጋሼ። እኔም አላውቅም።»

ስልኩ ተዘጋ። የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነበር፤ ከኋላ ገብተው ቆሙ። ሦስት ታክሲ ቀያይረው ኮንዶሚኒየሙ ሲደርሱ መብራት አልነበረም። በየፎቁ እያረፉ፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ወጡ።