ዳር ይዛ ያደረችው ጀልባ

ዋጋነሽ ጀልባ የምትባል ነገር አይታ አታውቅም። የኮልፌ ወንዝ ክረምት ካልመጣ ፍየል ዘላ የምታልፈው ነው፤ ቢሞላም የሚያመጣው ግንድና ጭቃ ነው። ዛሬ ግን ዕድሏ ሁሉ አንዲት ጀልባ ላይ ተጭኗል።

ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ፣ መምህር አምሐ ከጉለሌ በእግሩ እየመጣ እቤቷ ያስተምራትና ሰዓት እላፊ ሳይደርስበት ይመለሳል። አባቷ ኮርቻ ሰሪው አቶ ነገሬ ግን ነገሩ አልጥም ብሏቸዋል። ዛሬ ጠዋት "አንድ ከባድ ጥያቄ ብቻዋን ከሠራች ትቀጥል፤ ካልሠራች መርፌዋን ይዛ ከጎኔ ትቀመጥ" ብለው ቆረጡ። እሳቸው ደግሞ አንዴ ከቆረጡ ቆረጡ ነው።

አምሐ ጥያቄውን ከመጽሐፉ አነበበላት። ጀልባዋ በረጋ ውሃ ላይ በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ወንዙ በሰዓት ሁለት ይፈሳል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተነስታ፣ ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርዳ ወዲያው ብትመለስ መቼ ትደርሳለች?

ዋጋነሽ መጀመሪያ ግራ ገባት። ኋላ የገበያ ቀን ትዝ አላት። ከገበያተኛው ጋር ሲሄዱ ሰዉ ራሱ እየገፋ ያደርሳል፤ ቀድመው ሲመለሱ ግን ያንኑ ሰው እየሰነጠቁ ነው። እንግዲያው ስትወርድ ስድስትና ሁለት ስምንት፣ ስትመለስ ከስድስት ሁለት ሲነሳ አራት። መውረጃው ሦስት ሰዓት፣ መመለሻው ስድስት! ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

"በማግስቱ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት" አለች ኮራ ብላ።

አምሐ መጽሐፉን አየና ፊቱ ቅጭም አለ። "እዚህ የሚለው በዚያው ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው።"

አቶ ነገሬ ወስፌያቸውን አስቀመጡ።

"ለምን በማግስቱ አልሽ?"

"አባዬ፣ ሰዓት እላፊ አለ እኮ! ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ወንዝ ላይ ካገኟት ይተኩሱባታል። የአንድ ሰዓት መንገድ ሲቀራት ዳር ይዛ ታድራለች፤ ጠዋት በአሥራ ሁለት ተነስታ አንድ ሰዓት ላይ ትገባለች።"

አቶ ነገሬ ትንሽ አሰቡና ሳቃቸውን ለቀቁት። "እውነቷን ነው! ይኼ መጽሐፍ ጀልባዋን ሊያስገድላት ነበር እንዴ?"

"ስሌቷ አንድም ስህተት የለውም" አለ አምሐ፣ እሱም እየሳቀ። "ሰዓት እላፊውን የረሳሁት እኔ ነኝ።"

ይህን ሲል ወደ በሩ ዞረና ደነገጠ። ፀሐይዋ ወጨጫ ተራራ ላይ ደርሳለች፤ ጉለሌ ደግሞ ሩቅ ነው። መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ብድግ አለ።

"ወዴት ነው? ቁጭ በል፣ መምህር" አሉት አቶ ነገሬ። "ጀልባዋ እዚህ ትደር።" ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "መርፌው ይቆይሽ። ለመምህርሽ መኝታ አንጥፊለት፤ ነገ ጠዋት ከዚህ የከበደ ጥያቄ ይስጥሽ።"