የሰባት ሰው ካፒቴን

ማሬክ መልእክቱን የላከልኝ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ የአርሶ አደሮችን ስምና የማሳ ስፋት ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ ነበር።

«ለአሮጌ ኮምፒውተሮች የሚሆነውን ቅጂ ይዘን መቀጠል ከብዶናል» ይላል። «የሚጠቀምበት ሰው ብዙ አይታየንም። የሚጠቀሙትም ግንኙነቱ ይቋረጥባቸዋል። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሙሉ እንፈትነው። ስድስት ተጫዋቾች ሳይቋረጥባቸው ከቆዩ እናስቀጥለዋለን። ካልሆነ ግን እንተወው።»

መልእክቱ ጨዋ ነበር። ያናደደኝም ጨዋነቱ ነው። ግንኙነቱ የሚቋረጥበትን ችግር አስተካክዬ የላክሁት ከፋሲካ በፊት ነው። አንድም ሰው ሳያነበው ሐምሌ ገባ። አሁን ደግሞ ባልተነበበው ሥራዬ ምክንያት ሥራዬ ሊዘጋ ነው።

«የጨው ደሴቶች» የወጣው እኔ ገና አንደኛ ደረጃ እያለሁ ነው። ተጫዋቾች ከያሉበት አገር በኢንተርኔት ይገናኙና ከደሴት ደሴት ጨው በመርከብ እየጫኑ ይነግዳሉ፤ የባሕር ወንበዴ ሲመጣባቸው ይዋጋሉ። የሠራው ኩባንያ ከተዘጋ ቆይቷል። ጨዋታውን እስካሁን ያቆየነው በየአገሩ የተበተንን ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ነን። የሚከፍለን የለም፤ በአካልም አንተዋወቅም። ፖላንድ ያለው ማሬክ አንብቦ ያላጸደቀው ሥራ ጨዋታው ውስጥ አይገባም። የእኔ ድርሻ ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚሆነው ቅጂ ነው። እኔ በምኖርባት ወላይታ ሶዶ ጨዋታው የሚገኘው ጋሽ ገበየው ቤት ብቻ ነው፤ የጋሽ ገበየው ኮምፒውተሮች ደግሞ አዲሱን ቅጂ ገና ሲከፍቱት ይደርቃሉ።

ጋሽ ገበየው አባታቸው ከጉራጌ መጥተው የከፈቱትን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ይዘው ነው ያደጉት። ከሱቁ ኋላ ባለው ክፍል ስምንት ኮምፒውተሮች ደርድረዋል፤ አንዱ አይሠራም። ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉ የ«ጨው» ሰዎች ነው። ሶዶ ላይ ጨዋታውን በአጭሩ የምንጠራው እንደዚያ ነው፤ «ጨው እንግባ» ይባባላሉ።

ጨዋታው ውስጥ መርከቡን የሚነዳው ገጸ ባሕርይ ካፒቴን ነው፤ የኛዎቹ ትልቅ ካፒቴን ዳሞታ ይባላል፤ ስሙን ከተራራችን ነው የወሰዱለት። ሰባት ሆነው በተራ ይነዱታል፤ ሰኞ የአንዱ ነው፣ ማክሰኞ የሌላው። ውጭ አገር ያሉ ተጫዋቾች «እንቅልፍ የማያውቀው ካፒቴን» ይሉታል። የጨዋታው ሕግ አንድ ካፒቴን ለአንድ ሰው ብቻ ስለሚል፣ እኔ ይህን ስሰማ አላርማቸውም።

ለማሬክ «እሺ» ብዬ መለስኩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ ከፋሲካ በፊት የላክሁትን ማስተካከያ ለፈተናው እንዲያስገባው። አስገባው። ከዚያ ከሰባቱ አንዱ ለሆነው ለጩማ ደወልኩ። ሰባቱንም አንድ በአንድ ማናገር ያሳፍረኛል፤ ጩማ ግን ባጃጅ ነጂ ስለሆነ ለሱ የነገሩት ከተማውን ሁሉ ይዳረሳል።

«ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሁላችሁም ኑ» አልኩት። «ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ትገባላችሁ። ውጭ ያሉት ሰዎች ያዩናል።»

«ካዩንማ ቀላል ነው» አለ።

ቅዳሜ ሰባቱም ቀድመውኝ ደረሱ። ኤርሳዶ የሚሠራው አረካ፣ የእርሻ ምርምሩ ጋ ስለሆነ በሚኒባስ ነው የመጣው። ፊዚክስ የሚያስተምረው ቲቸር ደገፉ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።

«ፈተና ነው ቢባል ቲቸር ፈታኝ መስሎ መጣ» አለ ጩማ።

«አንተ ደግሞ ወዳቂ መስለህ» አለው ደገፉ፤ ሳቁ።

እያንዳንዳቸው አንዳንድ ኮምፒውተር ያዙ። እኔ ከሱቁ ባንኮ ጀርባ ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ ጀርባቸው ብቻ ነው። ማሬክ ያዘጋጀው የፈተና ሰሌዳ ስም አያሳይም፤ ተጫዋች ሲገባ አረንጓዴ መስመር፣ ሲወጣ ቀይ መስመር ያሰምራል።

አረንጓዴ። ወዲያው ቀይ። አረንጓዴ። ቀይ።

ትንሽ ጠበቅሁ። ቀዩ በዛ። ማስተካከያዬን ከፍቼ ከላይ ጀምሮ ማንበብ ያዝኩ። በግማሹ ላይ አንድ የሚያጠራጥር ቦታ አየሁና ስህተቱ ይህ ነው አልኩ፤ አልነበረም። ሌላ አገኘሁ፤ እሱም አልነበረም። ወራት የደከምኩበት ነገር ከነጭራሹ የማይሠራ መስሎ ታየኝ። ከክፍሉ ውስጥ የቁልፍ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ የሚያማርር አንድም ሰው የለም።

ጋሽ ገበየው ወረቀት ሊያነሱ መጥተው አዩኝ።

«ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረሳ።»

«ደህና ነኝ ጋሽ ገበየው።»

«መስመሩ ነው?»

«አላወቅሁም።»

«ታዲያ ልጆቹን ጠይቂያቸዋ። እዚሁ አይደሉ?»

«ይጨርሱ ብዬ ነው» አልኩ። ጋሽ ገበየው ወረቀታቸውን ይዘው ሄዱ። እኔም ወደ ንባቤ ተመለስኩ።

ሰዓቱ ሲሞላ ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነው» አለ ኤርሳዶ ዓይኑን ሳያነሳ።

«በጣም ጥሩ ነው» አለ ከጎኑ ያለው።

«ትንሽ ያስወጣል እንጂ» አለ ጩማ።

«ስንት ጊዜ አስወጣህ?»

«ተወው፤ አንተ ለፍተህበታል።» ጩማ ቤቱ የሚናገረው ወላይትኛ «አንተ»ንና «አንቺ»ን አይለይም፤ ሲጨንቀው ለእኔም «አንተ» ይለኛል።

«ጩማ፣ ስንት ጊዜ?»

«ዳሞታን ይዤ ገና ከወደብ ሳልወጣ ያስወጣኛል። እመለሳለሁ፤ ደግሞ ያስወጣኛል።»

ኤርሳዶ ዞሮ አየው። «ዳሞታን የያዝኩት እኮ እኔ ነኝ።»

ቲቸር ደገፉ መጀመሪያ የራሱን ኮምፒውተር፣ ቀጥሎ የኤርሳዶን፣ ቀጥሎ የጩማን አየና ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

«እኔም ዳሞታን ነው» አለ።

ሰባቱም ዳሞታን ነበር የከፈቱት። አንድ ካፒቴን በሁለት ኮምፒውተር አይከፈትም፤ ሁለተኛው ሲገባ የፊተኛውን ያስወጣዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሰባት ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲያስወጣጡ ነው የቆዩት። ማስተካከያዬ ምንም አልሆነም ነበር።

«በየራሳችሁ ስም ለምን አልገባችሁም?»

«የራሳችን ማን አለን?» አለ ኤርሳዶ። «ደግሞ የውጭ ሰው ያየናል ስትይ፣ ትንሹን ይዘን እንቅረብ? ያለንን ትልቁን ነው ያቀረብነው።»

«ሲያስወጣችሁስ? አንድ ሰው አይነግረኝም?»

ጩማ አንገቱን ደፋ። «ታፍሪያለሽ ብለን ነዋ።»

እነሱ እኔ እንዳላፍር ዝም አሉ፤ እኔ አፍሬ ሳልጠይቅ ቀረሁ። የምቆጣው ሰው ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የበጎ ፈቃደኞቹ የኢንተርኔት ስብሰባ ወዲያው ተጀመረ። በድምፅ ነው የሚካሄደው፤ እኔ ግን ከገባሁ ጀምሮ ማይክሮፎን ከፍቼ አላውቅም፤ የምለውን እየጻፍኩ ነው የምልከው። ማሬክ ሰሌዳውን አሳየ። «ከሶዶ የገባው አንድ ተጫዋች ብቻ ነው» አለ። «ግንኙነቱ ደግሞ ያለማቋረጥ ሲቆራረጥ ነበር። አዝናለሁ፤ ከፈራነው የባሰ ነው።»

መጻፍ ጀመርኩ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ «ተቃውሞ ከሌለ ወደሚቀጥለው» ሲል ሰማሁ። ማይክሮፎኑን ከፈትኩት።

«ሌላ ቅዳሜ ስጡን» አልኩ በእንግሊዝኛ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ቲቸር ደገፉ ከኋላዬ መጥቶ ጎንበስ አለ። «ምክንያቱን እንዳትነግሪያቸው» አለኝ በሹክሹክታ። «አንድ ካፒቴን ለአንድ ሰው ነው የሚለውን ሕግ ታውቂያለሽ። ይዘጉታል።»

«ሌላ ቅዳሜ ምን ይለወጣል?» አለ ማሬክ። «መስመራችሁ ያው፣ ኮምፒውተሮቹም ያው ናቸው።»

መብራት እየጠፋ ነው ልል አሰብኩ። መብራት ካልኩ ግን የሚቀጥለውም ቅዳሜ ይጠፋል ይሉኛል። መስመሩ ነው ብል ለመዝጋት ራሴ ምክንያት መስጠቴ ነው። ዝም ብል ደግሞ ዳሞታ ይተርፋል፤ የሚከፈትበት ኮምፒውተር ግን ሶዶ ላይ አይኖርም።

«ብሩክታይት፣ እዚያ ነሽ?»

«አንድ ተጫዋች አልነበረም» አልኩ። «ሰባት ናቸው። ካፒቴኑ የሰባቱ ነው።»

ደገፉ ቀና አለና ከኋላዬ ራቀ።

«ከሰባቱ የማን ነው?» አለ ማሬክ።

የጊፋታን በሬ ነገርኩት። በወላይታ ለዘመን መለወጫው ሰዎች ዓመቱን ሙሉ አዋጥተው በሬ እንደሚገዙ፣ በሬው ደጅ ታስሮ ሲያዩት ማንም የማን ነው ብሎ እንደማይጠይቅ። እንግሊዝኛዬ ተደነቃቀፈ፤ ቢሆንም ጨረስኩት።

ማሬክ እንዲህ አለ። «ገብቶኛል። ሕጉ የወጣው ካፒቴን እየሸጡ ላስቸገሩን ሰዎች ነበር፤ ለእናንተ አልነበረም። ግን ለእናንተ ብቻ ልተወው አልችልም፤ ነገ ሻጩም መጥቶ የወንድሞቼ ነው ይለኛል። ቅዳሜን እሰጣችኋለሁ። እያንዳንዱ በራሱ ስም ይግባ። ዳሞታ ግን ይዘጋል።»

ስብሰባው ሳያልቅ ዳሞታ ተዘጋ። ጩማ ሊከፍተው ሞከረ፤ እንቢ አለው።

«መርከቡስ?» አለ።

«መርከቡም።»

«ጨው ሞልተነው ነበር እኮ።»

«ጨውም ሄዷል» አልኩ።

ቲቸር ደገፉ የሸሚዙን እጅጌ እያወረደ ወጣ። በሩ ላይ ቆም አለ። «የእኛን ነገር ለእነሱ ነገርሽ» አለኝ። «እኛን ግን አልጠየቅሽንም።»

ልክ ነው ብዬ አስቤያለሁ፤ ብጠይቃቸውም ያንኑ እናገር ነበር ብዬም አስቤያለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ሲታሰቡ እረፍት አይሰጡም።

ሳምንቱን ሙሉ ማንም አልደወለም። ሐሙስ ወረቀት ልገዛ ስገባ ጋሽ ገበየው ክፍሉን በዓይናቸው አሳዩኝ። «ልጆቹ ቀሩ። ሰው ካልመጣበት የወረቀት መጋዘን ነው የማደርገው፤ እንዳትቀየሚኝ ልጄ።» አልቀየምም አልኳቸው። ቤት ስገባ እናቴ ላፕቶፔን አይታ «ዛሬም ያ ጌምሽ ነው?» አለችኝ። አዎ ያው ጌሜ ነው አልኩ።

ቅዳሜ መጡ፤ ሰባቱም። ደስ ብሏቸው ነው ማለት አልችልም። ጩማ እንኳን አልቀለደም። እያንዳንዳቸው አዲስ ካፒቴን ከፈቱ፤ ጀማሪ ስለሆኑ ጨዋታው የሰጣቸው አንዳንድ ታንኳ ነው። ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ መስመሮች ወጡና ሰዓቱ እስኪያልቅ ሳይቆረጡ ተዘረጉ። አንድም ቀይ አልነበረም።

«እንኳን ደስ አለሽ» ሲል ጻፈልኝ ማሬክ። «ያስተካከልሽው ይሠራል። ቅጂው ይቀጥላል።»

ነገርኳቸው። «ጥሩ ነው» አሉ። ተነሱና ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ኮምፒውተሮቹን ክፍት ትተዋቸው ስለሄዱ ስድስቱ ታንኳዎች ወደቡ ላይ ባዶአቸውን ይወዛወዛሉ። የቀረው ቲቸር ደገፉ ነው።

«ይሄ የእኔ ብቻ ነው አይደል?» አለ ታንኳውን እያየ።

«አዎ።»

«ሰኞ ባልመጣ ማን ይነዳዋል?»

«ማንም።»

«ማክሰኞ መጥቼስ ማንን ነው የት አደረስከው ብዬ የምጠይቀው?» ዘጋውና ተነሳ። «ለብቻዬ ከሆነማ ቤቴ የማርመው የፈተና ወረቀት አለኝ።»

በሩ ጋ ሳይደርስ ጠራሁት። «ቲቸር፣ ከመጻፌ በፊት ልጠይቅህ።»

«ምኑን ነው የምትጽፊው?»

«አንድ ካፒቴን በብዙ ሰው ስም ይመዝገብ የሚል። የባለቤቶቹ ስም ፊት ለፊት ከታወቀ ሻጭ ሊደበቅበት አይችልም። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢመጣ ግን ማን ይቅደም?»

አሰበ። «የቀኑ ባለተራ።»

«ሌላው ይውጣ?»

«ለምን ይወጣል? መርከቡ ላይ ይቀመጥ። ያማክራል።»

«ባለተራው ባይሰማውስ?»

«ባይሰማው ይጨቃጨቃሉ» አለ፤ ወንበር ስቦ ከጎኔ ተቀመጠ። «እሱንም ጻፊው።»

እሱ እየነገረኝ እኔ ስጽፍ ከሰዓት በኋላው አለቀ። ላክሁት። ከጎኑ «አንባቢ በመጠበቅ ላይ» የሚል ግራጫ ምልክት ወጣ። ከበላዩ ቀደም ብዬ የላክኋቸው ሌሎች ሁለት ሥራዎች አሉ፤ ምልክታቸው ያው ነው።

«መቼ ያዩታል?» አለ ደገፉ።

«አላውቅም» አልኩት።