ሰጋቱራው

አለቃው እንደሚሉት ከሆነ የጎመኑን ችግኝ ቢጫ ያደረገችው ውሃ አጠጪዋ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጎማውን መደቡ ላይ ጥላ ወሬዋን ስትሰልቅ ሥሩን በውሃ አሰጠመችው። ውሃ አጠጪዋ ደግሞ ሌላ ነው የምትለው፤ "ወይ ጉድ! ይሄ ቧንቧ ይንጠባጠባል እንጂ መች ወርዶ ያውቃል? ችግኜ በውሃ ጥም ነው የከሳው። ቧንቧውን ያላስጠገኑት እሳቸው!"

ሁለቱም ተሳስተዋል። ይህን የሚያውቀው የአፈር መመርመሪያ ክፍሉ ወጣት ብቻ ነበር፤ የችግኝ ጣቢያው ሠራተኞች በቀልድ "ዶክተር ጭቃ" ይሉታል። አፈሩን በቆርቆሮ ዘግና ያመጣችለት ራሷ ውሃ አጠጪዋ ናት። "መርምርና መስክርልኝ፤ አንተ ሐቀኛ ነህ" ብላው ሄደች።

የመደቡ አፈር ጠጥሮ ባስቸገረ ጊዜ፣ ከጎረቤት አናጺ ቤት ሰጋቱራ እንዲቀላቀልበት የመከረው እሱ ነበር። የከብት ፍግ አብሮ መግባት እንዳለበት ተምሯል። ፍጉ ሲዘገይ ግን "ግድ የለም፣ ዝሩ" ብሎ አለፈ።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ሁለት የምርመራ ብልቃጦች ቆመዋል፤ አፈሩ የተክል ምግብ የሆነው ናይትሮጅን ካለው ፈሳሹ ሮዝ ይሆናል። ሰጋቱራ ካልነካው መደብ የመጣው ደማቅ ሮዝ ሆኗል፤ የእሷ ግን እንደ ውሃ ቀለም የለውም። ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ያው ነው። ዓይን የማያያቸው የአፈር ተሕዋስያን ሰጋቱራውን ሲያገኙ ይረባረቡበታል፣ ይባዛሉም። ሰውነታቸውን ለመሥራት ግን ናይትሮጅን ይሻሉ፤ ሰጋቱራ ውስጥ ያለው ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የጎደላቸውን ከአፈሩ ይወስዳሉ፣ ችግኙ ጦሙን ያድራል። ከወራት በኋላ እነሱ ሲሞቱ የወሰዱት ይመለሳል፤ ችግኙ ግን እስከዚያ አይቆይም።

ትንሽ ዩሪያ ማዳበሪያ ቢረጭ ችግኙ ይለመልማል። ረጭቶ ዝም ማለት ይችል ነበር። የእሷ የስንብት ደብዳቤ ግን እየተጻፈ ነው።

ጎማዋን ስትጠቀልል አገኛት።

"እህ፣ ዶክተር ጭቃ! አፈሬ ምን አለህ?"

"እታለም፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የእኔ ነው።"

አንድ በአንድ ነገራት። እየሰማችው መጠቅለሏን አላቆመችም።

"እና እነዚያ ዓይን የማይገቡ ናቸው የችግኜን ምሳ የበሉት?"

"አዎ።"

"አንተ ጠርተሃቸው!"

"እኔ ጠርቻቸው።"

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሜ ሲብጠለጠል የት ነበርክ?"

"ጠርጥሬ ነበር። ባይሆን ብዬ እየተመኘሁ ቆየሁ።"

"አየህ፣ ለእኔ ሹክ ብትለኝ አንተን ይቀልህ ይሆናል። እኔ ግን የምባረረው እዚያ ቢሮ ነው።"

እውነቷን ነው። ቀሎት ነበር፤ ያም አሳፈረው።

ቢሮ ሲገባ አለቃው እስክሪብቶ አንስተዋል። ቆሞ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። አለቃው በሩን በዓይናቸው ገረፍ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ቋሚ ቅጥርህ ገና አልጸደቀም። ይሄ ፋይልህ ውስጥ ከገባ አለቀልህ። ዩሪያህን ርጭና አፍህን ያዝ፤ እሷ እንደሆነች ሌላ ሥራ አታጣም።"

በሩ ክፍት ነበር፤ ውሃ አጠጪዋ ደጅ ቆማለች። እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ዩሪያውን ዛሬውኑ እረጫለሁ፣ ጋሼ። ደብዳቤውን ግን በእኔ ስም ያስጽፉት።"