የጁወይሪያ ጀበል

ቀናሁ፤ ምን ይደበቃል! በጁወይሪያ አንጀቴ እስኪቃጠል ቀናሁ።

ሁለታችንም ዐረብ አገር፣ ኮርማክሳር ሰፈር፣ አንድ የደም ምርምር ክፍል ውስጥ ነው የምንሠራው። እኔ እዚሁ የቃሉዓ ሰፈር ልጅ፣ ሥራውን ቀድሜያት የገባሁ ነኝ። እሷ እናቷ የወሎ ሴት ናት፤ ክፍሉን ትናንት ነው የተቀላቀለችው። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው ማሽን ደም ውስጥ ያለውን ቅንጣት እየመዘነ ኮምፒውተሩ ላይ ሹል ሹል መስመር ያወጣል። ተራራ ስለሚመስል «ጀበል» እንለዋለን። በሽተኛው ደም ላይ ቆሞ ጤነኛው ላይ የሌለ ጀበል ከተገኘ፣ በሽታው ሰውየውን ሳይጥለው ገና ከደሙ ይነበባል ማለት ነው። እኔ ስፈልገው ዓይኔ ጠፋ። እሷ አገኘችው፤ የጉበት ካንሰርን ጀበል!

አለቃችን ዶክተር ናሲር «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» እያሉ ካይሮ ለጉባኤ ሊልኳት ቃል ገቡላት። እኔን እዚሁ አገር ውስጥ፣ ታዒዝ እንኳ የላከኝ የለም። አንድ ቀን «ሥራሽ ያምራል» ያለኝም የለም። ጭራሽ ጁወይሪያ የደስታዋን ጣፋጭ፣ ሐልዋ ስታዞር እኔ ጋ ደረሰችና፣ «አላህ ምቀኛ አያሳጣኝ፣ ፈትልዬ!» ብላ ሳቀች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ቆይ አንቺ፣ አልኩ በሆዴ። የሥራዋን ጉድፍ ስለቅም ሰነበትኩ፤ እሰይ፣ አገኘሁ! የበሽተኞቹ ደም የተቀዳው ሁጀይፍ ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ ነው። የጤነኞቹ ግን በጠዋት። እዚህ አገር ከሰዓት በኋላ ያልቃመ ወንድ ከየት ይመጣል? ጫት እንደ ውሃ የተለመደ ነውና ማንም አላሰበው። ይቺ ልጅ ያገኘችው ካንሰር ሳይሆን ጫት ነው!

ላዋርዳት ቆርጬ፣ አንድ የሚቅም አንድ የማይቅም ጤነኛ ወንድ ፈለግኩ። ጎረቤታችን ዐብደላ ጉንጩን ወጥሮ ሲቅም ደሙን ቀዳሁ። ባሌ ልዑል ጫት በአፉ አይዞርም፤ የእሱንም ቀዳሁ። «ይቺ ሴት ልትሸጠን ነው!» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እንከን እንዳታወጣብኝ ብዬ ብልቃጦቹ ላይ ስማቸውን ራሴ ጻፍኩ፣ ማሽኑን ራሴ አጠብኩ፣ ደጋግሜ አስመዘንኩ።

የዐብደላ ደም ሜዳ ነው። የልዑል ላይ ጀበሉ ቆሟል።

ደገምኩት። ቆሟል። እመቤቴ ማርያም! አመመኝ ብሎ የማያውቅ፣ ዛሬ ጠዋት እያፏጨ የወጣ ሰው!

ወረቀቶቹን ይዤ ጁወይሪያ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው፤ ማን ቅሞ ማን እንዳልቃመም ነገርኳት። ፊቷ በራ።

«ጫት አይደለም ማለት ነዋ! አልተሳሳትኩም! ይሄ በሽተኛ ማነው?»

«ልዑል ነው።»

«ያ አላህ…» አለች፤ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ጁወይሪያ፣ እህቴ፣ ስህተት ፈልጊብኝ። ብልቃጥ ተቀያይሮብሻል በይኝ። ማሽኑ ቆሽሿል በይኝ። በሞቴ፣ አንድ ነገር አውጪብኝ!»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወረቀቶቹን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፣ መልሳ አየቻቸው፣ ኮምፒውተሩንም ከፍታ ፈተሸች። እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ ይቺ ልጅ እንድትረታኝ እየጸለይኩ ነበር። በመጨረሻ ዞር ብላ እጄን ያዘችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

«ፈትልዬ» አለችኝ፣ «እንዲህ የጠራ ሥራ አይቼ አላውቅም።»