በኸይረዲን ላይ የሚሰገድ ሶላት

ሙጂብ ሦስተኛውን የከፈን ጨርቅ ቀዶ ሳይጨርስ ዙቤር ከነጫማው መስጊድ ገባ። የቆርቆሮ መስጊድ ትሁን እንጂ፣ በስደት ኮር ዊሊያም ሰፈር ያሉ ሐበሾች አዋጥተው የሠሯት ናት፤ በጫማ የረገጣት የለም።

"ሸህ ሙጂብ፣ ለማን ነው የሚቀዱት?"

"ለኸይረዲን ነዋ! አጥቤዋለሁ፤ ቀትር ላይ፣ በዙህር ሰግደን እንቀብረዋለን።"

"እሱ የሞተው ካፊር ሆኖ ነው። እሱ ላይ የሰገደም ያው ነው። ኸላስ፣ አለቀ!"

ሙጂብ መቅደዱን አቆመ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ፈሪ ሰው ነው፤ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ አሥራ ሁለት ዓመት ጨርቅ ሲሸጥ ከማንም ጋር እሰጥ አገባ ገብቶ አያውቅም።

"አምና መውሊዳችንን የበተናችሁት አብራችሁ ነበር እኮ። ድቤዬን በካራ የቀደደው ራሱ ኸይረዲን ነው።"

"ያኔ ልክ ነበር። ኋላ 'ውጊያችን ከወታደር ጋር ነው፣ ሙስሊም አይገደልም' ብሎ ጀመዓችንን ለሁለት ከፈለው።"

"እናንተስ ምን አላችሁ?"

"ከእኛ ውጭ ሙስሊም የለም።" ዙቤር ፈገግ አለ። "ዙህር ስንት ሰዓት እንደሆነ እኛም እናውቃለን።"

ወጥቶ ሞተሩ ላይ ተቀመጠ። አልሄደም።

ጠዋት ሬሳው መንገድ ዳር ሦስት ቦታ ተወግቶ ሲገኝ፣ ሰዉ ማን ይሆን የወጋው ሲባባል ነበር። አሁን መጠየቁ ቀረ።

ዙህር ደረሰ። ሌላ ጊዜ ለጀናዛ መስጊዷ ሞልታ ሰው ደጅ ይቆማል። ዛሬ የብዙዎቹ ስልክ ዝግ ነው፤ አንድ ያነሳለትም "ወላሂ አሞኛል" ብሎ ዘጋበት። ሚስቱ ጀንነት ከጎን ካለው ቤታቸው እየሮጠች መጣች።

"ያ ሰውዬ ሁለት ሰው ጨምሯል! ተወው ሙጂብ፣ ልጆች አሉህ። ደሞስ ኸይረዲን ምንህ ነው? 'ሙሽሪክ፣ ጣዖት አምላኪ' እያለ ስንት ሰው ፊት አዋርዶህ!"

"አዋርዶኛል። እስከ ዛሬም ያንገበግበኛል። ግን ዛሬ እሱ ላይ አልሰግድም ካልኩ የዙቤርን ፍርድ ተቀበልኩ ማለት ነው። ነገ አንቺም ላይ ቢፈርድስ? ዝም ልል ነው?"

ጀንነት የበሩን መቀርቀሪያ ያዘች። "እሺ፣ በሩን ልቀርቅረውና ከውስጥ ስገድ። ጀናዛ ላይ አንድ ሰው ከሰገደ ይበቃል ያልከው አንተው ነህ።"

እውነቷን ነው፣ ይበቃል። ሙጂብ ዞሮ አየ። ወደ ሶላቱ አቅጣጫ፣ ወደ ቂብላ ሲቆም ጀርባው ለበሩ ነው። ደጅ ሞተሩ ተነሳና መልሶ ጠፋ። ያ ረቢ፣ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

"አትዝጊው" አላት። "ፈርቶ የቀረ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ቢመጣ፣ ተዘግቶ ካገኘው ይመለሳል።"

ጀንነት እያለቀሰች እጇን ከመቀርቀሪያው አነሳች። ሙጂብ ጀናዛው ፊት ቆመ፤ ጀርባውን ለተከፈተው በር ሰጥቶ ሶላቱን ሊጀምር ሁለት እጆቹን ወደ ጆሮው አነሳ።