የፖምፓው ብሎን

ሻዕባን ከወሎ አስመራ የገባው ገና በጎረምሳነቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን የፈጀው በምፅዋ መንገድ ላይ ጭነት ሲያመላልስ ነበር። የኤርትራ ነፃነት በመጣ በቀጣዩ ዓመት ረዳቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደሴ ሲመለስ፣ ከአሮጌ የጭነት መኪናው ጋር ብቻውን ቀረ። መኪናዋ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። ሌሎቹ እያለፉት ሲሄዱ እሱ እያዘገመ፣ አስመራ ዓኽርያ ሰፈር ካለው ቤቱ የሚደርሰው ወገቡ ተቆርጦ ነው።

ቢቸግረው የሰፈሩን መካኒክ ተወልደን አማከረው። ተወልደ ናፍታ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ፖምፓ ብሎን አዙሮ ሞተሩ ብዙ ናፍታ እንዲያገኝ አደረገ። ከዚያም የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ ጋቢናው ውስጥ ገጠመለት።

«ጉልበት ሰጥቻታለሁ» አለው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ግን ትሞቃለች። ጠቋሚው ቀዩን ሲነካ እግርህን አንሳ። ካላነሳህ ፒስተኑ ይቀልጣል፣ ሓቂ፣ እውነቴን ነው።»

«መንገዱን ልይ ወይስ ይህን?»

«ሌላ ሰው ይይልህ።»

ሌላ ሰው አልነበረም። ሚስቱ ጀዋሂር ይህን ስትሰማ «እኔ አይልሃለሁ» አለች።

አብራው ወረደች። ምፅዋ ላይ ሙቀቱ እንቅልፍ ነስቷቸው አደሩ፤ ጠዋት ስንዴ ጭነው ተነሱ።

እስከ ጊንዳዕ ከተማ መኪናዋ ሌላ ሆነች። ሁልጊዜ ሲቀደም የኖረው ሻዕባን ሁለት መኪና ቀድሞ ፈገግ አለ። ጀዋሂር ዓይኗን ከመለኪያው አልነቀለችም። «አብሽር፣ ከቀዩ ሩቅ ነው» አለችው።

ከነፋሲት በኋላ ዳገቱ ጠና። «ደረሰ» ስትል እግሩን ያነሳል፤ «ወረደ» ስትል ይረግጣል። እንዲህ እያሉ ብዙ ኩርባ ወጡ። አንድ ቦታ ላይ ግን ከፊቱ ያለውን ሊቀድም ፈልጎ «ደረሰ» እያለችው ረገጠው።

«ሻዕባን፣ ቀዩ ውስጥ ገባ እኮ።»

በመስታወቱ ሲያይ ከኋላቸው መንገዱ በጥቁር ጭስ ተሸፍኗል። ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩን ሳያጠፋ ጠቋሚው እስኪወርድ ጠበቁ።

«ብትቀልጥ ኖሮስ?»

«ቶሎ ቤት ልግባ ብዬ ነው። ደክሞኛል፣ ጀዋሂር።»

«አውቃለሁ። እኔም ደክሞኛል።»

ተነሱ። ጥቂት እንደሄዱ ድምፅዋ ጠፋ። ዞር ሲል ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኝታለች። አፏ በትንሹ ተከፍቷል፤ ከሻሿ ስር የወጣው ፀጉሯ ላይ አቧራ ሰፍሯል። ሊቀሰቅሳት እጁን ዘረጋና መለሰው። ማርሹን ቀነሰ፤ መለኪያ ማየት እስከማያስፈልግ ድረስ አዘገመ። ጠዋት የቀደማቸው ሁለቱም መኪኖች አለፉት። አንደኛው ጥሩምባ ነፋ። ሻዕባን እንዳትነቃ ብቻ ፈርቶ ወደ እሷ ተመለከተ።

ከተማ ሲገቡ ነቃች።

«ደረስን እንዴ? ታዲያ ማን አየልህ?»

«ማንም። በቀስታ መጣሁ።»

«ልትቀሰቅሰኝ ይገባ ነበር» አለች፣ አፍራ።

በማግስቱ ተወልደ ዘንድ ሄደ። «ከመይ? ሞተሩ እንዴት ሆነ?» አለው ተወልደ።

«ስለ ጉልበቱ አልዋሸህም። ግን ብሎኑን ወደ ቦታው መልስልኝ።»

«እንደ ድሮው ልትጎተት?»

«እወ፣ ልጎተት። ቤቴ ቶሎ ልድረስ ብዬ ቤቴን፣ ጀዋሂርን፣ ይዤ ተንከራተትኩ። እሷ ነቅታ ካልጠበቀችው የማይሄድ ሞተር ምን ያደርግልኛል?»

ተወልደ መፍቻውን አንስቶ ከሞተሩ ስር ገባ።

ዳገቱን በአንድ ቀን መጨረስ ያቆመው በጀዋሂር ምክር ነው። መንገድ ላይ ጊንዳዕ ብቻውን አድሮ ጠዋት ይወጣ ጀመር። ወገቡ ትንሽ ተሻለው። እሱ ጊንዳዕ በሚያድርበት ሌሊት ቤቱ ጭር ብሎ እንደሚሰፋባት ግን ጀዋሂር አልነገረችውም።